ማኅበርተኛው የማይመክርበት ማኅበር

አንድን ማኅበር ማኅበር የሚያሰኘው የአባላቱ ብዛት ወይም የአዳራሹ ስፋት ሳይሆን፣ ደንቡን የማውጣትና የመለወጥ ሥልጣን በማን እጅ እንደሚገኝ ነው። የትኛውም የእድር አባል ይህን ለመረዳት መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም። ወርኃዊ መዋጮው ከፍ ይበል ከተባለ ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል፤ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ይረጋገጣል፤ የሚደግፈው ይደግፋል፣ የሚቃወመውም ተነሥቶ ይቃወማል፤ በመጨረሻም የወጣው እጅ ተቆጥሮ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይሠፍራል። የእድሩ ዳኛ አንድ ቀን ማለዳ ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ድንኳኑ የሚተከለው እኔ በፈቀድኩበት ነው፤ ለቅሶ የሚደርሰውንና የማይደርሰውንም የምመርጠው እኔ ነኝ» ቢል፣ ያው ሰው እስከ ማታ በዳኝነቱ አይቆይም።

እንግዲህ በዛሬው ዓለም ከ3 ቢሊዮን የሚበልጥ ሰው የሚገናኝበት፣ «ማኅበራዊ» የሚል ቅጽልም የተሰጠው አንድ መድረክ አለ፤ ፌስቡክ ይባላል። ከእርሱም ሌላ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ፣ የቀድሞው ትዊተርና ሌሎችም አሉ። በእነዚህ መድረኮች ላይ ከላይ የጠቀስነውን ዳኛ የመሰለ ውሳኔ በተደጋጋሚ ይወሰናል። ማለዳ ተነሥቶ ስልኩን የሚከፍተው ተጠቃሚ የገጹ መልክ ተለውጦ፣ ትናንት ይደርሰው የነበረው የወዳጆቹ መልእክት ተሰውሮ፣ በምትኩ የማያውቀው ሰው ንግግር ተደርድሮ ያገኘዋል። ማን ወሰነ? መቼ ተመከረበት? ይግባኝስ ለማን ይባላል? ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እነዚህን ጥያቄዎች ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ነገሩ በተጨባጭ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ 2006 መመለስ ይበቃል። ፌስቡክ በዚያን ጊዜ በአብዛኛው የተማሪዎች መገናኛ ነበር። በሴፕቴምበር 5 ቀን ኩባንያው «ኒውስ ፊድ» የተባለውን አሠራር ማንንም ሳያማክር ዘረጋ። ቀደም ሲል የአንድን ሰው ሁኔታ ለማወቅ የፈለገ ወደዚያ ሰው ገጽ መሄድ ነበረበት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን እያንዳንዱ ሰው ያደረገው ነገር፣ ፍቅረኛውን መለየቱ ሳይቀር፣ ተሰብስቦ በወዳጆቹ ሁሉ ፊት ይነበብ ጀመር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች በዚያው መድረክ ላይ ተሰባስበው ተቃወሙ። የኩባንያው መሥራች ማርክ ዙከርበርግ በመጀመሪያ «ተረጋጉ፣ ትንፋሽ ውሰዱ» የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጡ፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጉዳዩን ክፉኛ እንዳበላሹት አምነው ይቅርታ ጠየቁ። ጥቂት የምሥጢር መጠበቂያ ቁልፎች ተጨመሩ። ኒውስ ፊዱ ግን በቦታው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በተነሡት ውዝግቦች ሁሉ ይኸው ቅደም ተከተል በጥቂት ልዩነት ሲደገም ይታያል፤ ለውጥ፣ ቁጣ፣ ይቅርታ፣ መጠነኛ ማሻሻያ፣ ከዚያም የተለወጠው እንደተለወጠ መቅረት። እዚህ ላይ አንድ አለመግባባት እንዳይፈጠር እንሻለን። የተለወጠ ሁሉ ክፉ ነው፣ የድሮው ሁሉ መልካም ነበር የሚል አቋም የለንም። ኒውስ ፊዱን ያወገዘው ተማሪ ራሱ በኋላ ለምዶ ተጠቅሞበታል። ጭቅጭቁ በለውጡ መልካምነትና ክፋት ላይ አይደለም፤ በወሳኙ ማንነት ላይ ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ኩባንያው አንድ ጊዜ ለተጠቃሚው የድምፅ መብት የሰጠበት ታሪክ ነው። ብዙ ሰው አያስታውሰውም፤ እኛ ግን ከማናቸውም ሐተታ የበለጠ የሚያስተምር ሆኖ ስላገኘነው በስፋት እናቀርበዋለን።

በፌብሩዋሪ 2009 ፌስቡክ የአገልግሎት ውሉን ለወጠ። በቀድሞው ውል ተጠቃሚው አካውንቱን ዘግቶ ሲወጣ፣ ኩባንያው በጽሑፉና በፎቶግራፉ የመጠቀም ፈቃዱ ያበቃ ነበር፤ በአዲሱ ውል ያ ዐረፍተ ነገር ተሰርዞ ተገኘ። የሸማቾችን ጥቅም የሚከታተል አንድ ድረ ገጽ ይህን አይቶ ባጋለጠ ጊዜ ቁጣው ተቀጣጠለ፤ ኩባንያውም በቀናት ውስጥ ወደ አሮጌው ውል ተመለሰ። በዚያው ወር መጨረሻ ዙከርበርግ አዲስ ሥርዓት አወጁ። ከእንግዲህ ወዲህ የውል ለውጥ ለተጠቃሚው አስቀድሞ ይገለጻል፤ አስተያየት ይሰጥበታል፤ በቂ አስተያየት ከቀረበበትም ለድምፅ ይቀርባል ተባለ። የድምፁ ውጤት ኩባንያውን የሚያስገድደው ግን ከተጠቃሚዎቹ ከመቶ 30 የሚበልጡት ድምፅ ሲሰጡ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ድምፅ በኤፕሪል 2009 ተሰጠ። በዚያን ጊዜ ተጠቃሚው 200 ሚሊዮን ያህል ስለነበር ውሳኔው እንዲጸና 60 ሚሊዮን ሰው ድምፅ መስጠት ነበረበት፤ የሰጠው 665 ሺህ ያህል ነው። ከእነዚህም አብዛኞቹ በኩባንያው የቀረበውን አዲስ ሰነድ ስለደገፉ ጠብ አልተነሣም። ሁለተኛው በጁን 2012 ተካሄደ። ኦስትሪያዊው የሕግ ተማሪ ማክስ ሽሬምስና ባልደረቦቻቸው ሰዎችን ቀስቅሰው፣ ለድምፅ መጥሪያ የሚያስፈልገው 7,000 አስተያየት ተሟላ። 340 ሺህ ያህል ሰው ድምፅ ሰጠ፤ ከመቶው 87 የሚሆነው የቀረበውን ለውጥ ተቃወመ። ለውጡ ግን ጸደቀ፤ ከመቶ 30 አልሞላምና።

ሦስተኛውና የመጨረሻው በዲሴምበር 2012 መጣ። የቀረበው ሐሳብ ሌላ ሳይሆን ራሱ የድምፅ መስጠቱ መብት ይቅር የሚል ነበር። 589,141 ሰው ተቃወመ፤ 79,731 ሰው ደገፈ። በሌላ አነጋገር ድምፅ ከሰጠው ከመቶ 88 የሚሆነው «መብቴ አይነካ» አለ። ይሁን እንጂ ተጠቃሚው በዚያ ጊዜ 1 ቢሊዮን ደርሶ ስለነበር የሚያስፈልገው ድምፅ 300 ሚሊዮን ሆኖ ነበር፤ ይህም በዚያን ዓመት ከነበረው የመላው የተባበሩት አሜሪካ ሕዝብ ቁጥር ብዙም የማያንስ ነው። የድምፅ መብቱ በድምፅ ተሻረ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ፌስቡክ ተጠቃሚውን በውሉ ላይ ድምፅ አስጠይቆት አያውቅም።

የኩባንያው ክርክር ተጠቃሚው ራሱ ግድ አልነበረውም የሚል ነው። ከሺህ ተጠቃሚ አንድ እንኳ ድምፅ አለመስጠቱ እውነት ነው። ግን ጉባኤ የሚያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ወዲያው ያስተውላል። በቀበሌም ሆነ በእድር፣ በሠራተኛ ማኅበርም ሆነ በሸማቾች ማኅበር፣ ምልዓተ ጉባኤ ሲጎድል ስብሰባው ይበተናል፤ ሁለተኛ ጥሪም ይደረጋል። የቀረበው ሐሳብ በዚህ መካከል እንደቀረበ ይቆያል እንጂ አይጸድቅም። በፌስቡክ ሥርዓት ግን ምልዓተ ጉባኤ ሲጎድል የሚያልፈው የባለቤቱ ሐሳብ ነበር። ያልመጣው ሰው ሁሉ ከባለቤቱ ጎን እንደቆመ ተቆጠረ ማለት ነው። ጣሪያውን የወሰነው ማን ነው? ባለቤቱ። ሰነዱን በጠበቃ ቋንቋ የጻፈው? ባለቤቱ። ቆጣሪውስ? ያው ባለቤቱ። እንዲህ ባለው ምርጫ የሰው አለመምጣት የግድየለሽነት ምልክት ነው ከማለት ይልቅ፣ ሰው ነገሩ ገብቶት ቀረ ማለት ለእውነት ይቀርባል።

በዚያው ዓመት የተፈጸመ ሌላ ነገር እዚህ ላይ መጠቀስ ይገባዋል። በጃንዋሪ 2012 ለአንድ ሳምንት ያህል የፌስቡክ ተመራማሪዎች በ689,003 ተጠቃሚዎች ገጽ ላይ ሙከራ አካሄዱ። ለአንዳንዱ የወዳጆቹን የደስታ ቃላት፣ ለሌላው የኀዘኑን እየቀነሱ በማሳየት፣ ሰውዬው ራሱ በሚጽፈው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለኩ። የታየው ለውጥ እጅግ ትንሽ ነበር። ጥናቱ በ2014 በአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ታትሞ ሲወጣ ነው ሰዎቹ ይህ መደረጉን የሰሙት፤ ያም ቢሆን እገሌ አንተ ነበርህ ተብሎ የተነገረው የለም። ፈቃድ ተገኝቶ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ የአገልግሎት ውሉን መቀበላቸው ይበቃል የሚል ነው። «ምርምር» የሚለው ቃል ወደ ውሉ የገባው ግን ሙከራው ካለቀ ከአራት ወር በኋላ፣ በሜይ 2012 ነበር። አንባቢ ሁለቱን ቁጥሮች ያስተያይ። በዚያ ዓመት ሳይጠየቁ የተሞከረባቸው ሰዎች፣ በዲሴምበሩ ምርጫ ተጠይቀው ድምፅ ከሰጡት ይበልጣሉ።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለምን ይሆናል? መልሱን በሰዎቹ ጠባይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ምክንያቱን የሚያሳየው የገቢው መዝገብ ነው። ዛሬ ሜታ የሚባለው ይኸው ኩባንያ በ2024 ካገኘው 164.5 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ ከ160 ቢሊዮን የሚበልጠው የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። ከፋዩ አስታዋቂው ነው፤ የሚሸጠው ደግሞ የተጠቃሚው ጊዜና ትኩረት ነው። ፎቶግራፉን የሚያነሣው፣ ጨዋታውን የሚጽፈው፣ ልደቱንና ለቅሶውን የሚያወጣው፣ ወዳጁንም ጎትቶ የሚያመጣው ተጠቃሚው ነው። ያለ እርሱ ሥራ መድረኩ ባዶ አዳራሽ ነው። በውሳኔው በኩል ግን ስፍራ የለውም። እንዲያውም ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ባለ አክሲዮኖች ጭምር በዚህ አይሻሉም። የዙከርበርግ አክሲዮን እያንዳንዱ አሥር ድምፅ የሚቆጠርበት ልዩ ዓይነት ስለሆነ፣ ከድምፁ ከግማሽ በላይ የሆነው በእርሳቸው እጅ ነው። ይህ እንዲቀር በየጊዜው የሚቀርበው ሐሳብ በዚሁ ድምፅ ይወድቃል።

ጉዳዩ የገጽ ቀለምና የቁልፍ አቀማመጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት። በጃንዋሪ 2018 ኩባንያው በገጹ ላይ የሚቀድመውን የሚመርጠውን አልጎሪዝም ለወጠ። የዜና ተቋማትና የድርጅቶች ጽሑፍ ይቀንስ፣ ሰዎች አስተያየት የሚሰጡበትና የሚቀባበሉት ይቅደም ተባለ፤ የተሰጠውም ምክንያት ቤተሰብንና ወዳጅን ለማቀራረብ የሚል ነበር። በ2021 የቀድሞ ሠራተኛዋ ፍራንሲስ ሆገን ይዘው የወጡት የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች ሌላ ነገር ያሳያሉ። የኩባንያው ተመራማሪዎች ራሳቸው ለውጡ ቁጣንና መከፋፈልን የሚያበረታታ መሆኑን ጽፈው ነበር። ከ2017 ጀምሮ የተቆጣ ፊትን ጨምሮ የስሜት ምልክቶች ከተራው ላይክ አምስት እጥፍ ይመዘኑ እንደነበርም ታውቋል። የተቆጣው ፊት ሚዛን ዜሮ የሆነው በ2020 ነው። በእነዚህ ዓመታት ጽሑፉ ወደ ፊት የወጣለት ጸሐፊም ሆነ ወደ ኋላ የቀረበት፣ በምን ሚዛን እንደተመዘነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ይህ ሚዛን ወደ እኛም አገር ደርሷል። ሆገን በኦክቶበር 2021 በአሜሪካ ሴኔት ቀርበው ሲመሰክሩ ኢትዮጵያን በስም ጠቅሰው፣ አሠራሩ የብሔር ግጭትን እንደሚያራግብ ተናግረዋል። በዲሴምበር 2022 ደግሞ አባቱ በ2021 የተገደለበት አንድ ኢትዮጵያዊ ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜታ ላይ ክስ መሠረተ። ከሳሾቹ ከካሣ ሌላ የጠየቁት ጥላቻና ሁከት ቀስቃሽ ጽሑፍን የሚያስቀድመው አሠራር እንዲለወጥ ነው። ኩባንያው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለማስወገድ ብዙ እንደሚደክም በመግለጽ ይከራከራል፤ ጉዳዩ በኬንያ ሊታይ አይገባም የሚለውን መቃወሚያውን ግን ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2025 ውድቅ አድርጎ፣ ክሱን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ስለ ፍርዱ አስቀድመን የምንለው የለም። ልብ ሊባል የሚገባው መንገዱ ነው። ኢትዮጵያዊው ተጠቃሚ በሚያየው ገጽ አሠራር ላይ ቃሉን ለማሰማት የሌላ አገር ዳኛ ደጅ መጥናት ነበረበት።

ሠራተኛው አንባቢያችን «አድማስ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይቀርም። ተሞክሯል። ሬዲት በተባለው የውይይት መድረክ ላይ እያንዳንዱን የውይይት ክፍል የሚመሩት፣ ስድቡን የሚያጠፉትና ሥርዓት የሚያስይዙት ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በ2023 ኩባንያው ከውጭ የተሠሩ ፕሮግራሞች መረጃውን በሚቀዱበት በር ላይ ከባድ ዋጋ ጣለ። አፖሎ የተባለው ታዋቂ ፕሮግራም የሚደርስበት ክፍያ በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሆነ ሠሪው አስታውቆ በጁን 30 ተዘጋ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከጁን 12 ጀምሮ፣ ከ8,000 የሚበልጡ ክፍሎች በበጎ ፈቃደኞቹ ውሳኔ በራቸውን ዘግተው አድመው ነበር። ኩባንያው ለማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚጠቀሙባቸውን አንዳንድ ፕሮግራሞች ከክፍያው ነፃ አደረገ። ከዚህ ሌላ አልተነቃነቀም፤ ዘግተው የቆዩት በሌላ ሰው እንደሚተኩም አስጠነቀቀ። አድማው ቀስ በቀስ ፈረሰ።

ስለምን ፈረሰ? አድማ ኃይል የሚኖረው ሠራተኛው እጁን ሲያነሣ ማሽኑ ሲቆም ነው። እዚህ ግን ለዓመታት የተጻፈው ሁሉ በኩባንያው መጋዘን ተቀምጧል፤ ቁልፉም በኩባንያው እጅ ነው። አዳሚው ትናንት የሠራውን ይዞ መውጣት አይችልም። በቀጣዩ ዓመት ሬዲት አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ ባወጣው ሰነድ፣ መረጃውን ለሌሎች ኩባንያዎች ለማስጠቀም የፈረማቸው ውሎች በድምሩ 203 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጡ ገልጿል። ያን መረጃ የጻፉት ተጠቃሚዎቹ ነበሩ።

ስለ ትዊተር ባጭሩ እንለፍ። ኢሎን መስክ በኦክቶበር 2022 በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዙት፤ በዲሴምበር ከኃላፊነት ልውረድ ወይ ብለው ሕዝበ ውሳኔ የመሰለ ነገር አካሄዱ፤ 17.5 ሚሊዮን ድምፅ ተሰጥቶ ከመቶ 57.5 «ይውረዱ» አለ። በጁን 2023 ሌላ ሥራ አስፈጻሚ ተሾመ። ባለቤቱ ግን ባለቤት ሆነው ቀጠሉ፤ በቀጣዩ ወርም ስሙን ለውጠው «ኤክስ» አሉት። የዚህ ዓይነቱ ድምፅ ለቲያትር እንጂ ለአስተዳደር አይጠራም።

«አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ያልተመቸው ይውጣ» የሚለው መልስ በብዙዎች ዘንድ ያሳምናል። ከሱቅ ወደ ሱቅ መሄድ ቢሆን ልክ ነበር። ነገር ግን ከመድረክ የሚወጣ ሰው ወዳጆቹን፣ ደንበኞቹን፣ በዓረብ አገር ያለች እኅቱን የሚያገኝበትን መስመር ጥሎ ነው የሚወጣው። እነርሱ እዚያው ስለሚቀሩ እርሱም ይቀራል። ቴሌፎን እንዲህ አይደለም፤ የአንዱ ኩባንያ ደንበኛ ለሌላው ኩባንያ ደንበኛ ይደውላል። ኢሜይልም እንዲሁ። ማኅበራዊ መገናኛ በዚህ መንገድ ሊሠራ አይችልም የሚል የቴክኒክ ሕግ የለም። ከ2016 ጀምሮ የሚሠራው ማስቶዶን ብዙ ራሳቸውን የቻሉ አስተናጋጆች እርስ በርስ የሚገናኙበት ነው፤ ደንቡ ያልተስማማው ተጠቃሚ ተከታዮቹን ይዞ ወደ ሌላ አስተናጋጅ ይዛወራል። የቆየ ጽሑፉ ግን አብሮት አይሄድም፤ የተጠቃሚውም ቁጥር ከታላላቆቹ ጋር አይወዳደርም።

ኩባንያዎቹን በተጨባጭ ያነቃነቀው እስካሁን ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ያወጣው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ፣ በታላላቆቹ መድረኮች ላይ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ የተጠቃሚውን ጠባይ እየሰለለ ከሚመርጠው አልጎሪዝም ሌላ ቢያንስ አንድ አማራጭ እንዲቀርብ አስገድዷል። ይህም ቢሆን ያለ ክርክር አልሠራም። በኔዘርላንድስ አንድ የዜጎች መብት ድርጅት፣ ተጠቃሚው አማራጩን ቢመርጥም ገጹን ዘግቶ ሲከፍት ወደ ኩባንያው ምርጫ ይመለሳል ሲል ሜታን ከሰሰ። የአምስተርዳም ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2025 የተመረጠው እንደተመረጠ እንዲቆይ ወሰነ። ውሳኔው የሚመለከተው የኔዘርላንድስን ተጠቃሚዎች ነው፤ በአዲስ አበባ ወይም በጅዳ ገጹን የሚከፍት ሰው አይመለከተውም።

በየሰፈሩ የሚገኙ እድሮችና ማኅበራት የለቅሶ ጥሪያቸውንና የስብሰባ ማስታወቂያቸውን በቴሌግራምና በፌስቡክ ማስተላለፍ ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ ፈጣንና ወጪ የማይጠይቅ በመሆኑም ተዉት የምንልበት ምክንያት የለም። የአባላት ስም፣ የስልክ ቁጥርና የመዋጮ ሒሳብ ግን በጸሐፊው እጅ ባለው መዝገብ ላይም ይስፈር፤ ቃለ ጉባኤውም በወረቀት ይፈረም። መድረኩ ነገ መልኩን ቢለውጥ፣ ወይም የቡድኑ ገጽ ያለ ማስጠንቀቂያ ቢዘጋ፣ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ቤት ለቤት ሊጠራ ይችላል።